ሐተታ በእንተ ዐርብ፤ የአንዲት አጭር ቃል ሥርና ትርጓሜ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ።

በጋይንት ምድር አርብ ገበያ የሚባል ከተማ አለ፤ የታች ጋይንት ወረዳ መቀመጫ ነው። ስሙን ያገኘው ገበያው ከሚቆምበት ዕለት ነው፤ በየአገሩ ሰኞ ገበያ፣ ሐሙስ ገበያ፣ ቅዳሜ ገበያ እንደሚባለው ማለት ነው። ይህን ስም የሚጽፉ ሰዎች ግን በፊደሉ አይስማሙም። አንዱ በአልፉ አ አርብ ብሎ ይጽፋል፤ አንዱ በዐይኑ ዐ ዐርብ ይላል፤ ሌላው ራብዑን ወስዶ ዓርብ ይላል። ሲሰሙት አንድ ነው፤ ሲመረምሩት ግን የተለያየ ሥር ያወጣል። ቃሏ በወንጌል የመድኃኒታችን የሞቱ ዕለት ስም ናትና በፊደሏ የሚሳሳት በትርጓሜዋ መሳሳቱ አይቀርም፤ በትርጓሜዋ የተሳሳተም ንባቡን ያጣምማል። ጋይንት የድጓ ማስመስከሪያ የኾነው ቤተ ልሔም የሚገኝበት አገር ነው፤ ስለዚህ የአገሩ ገበያ ስም በሊቃውንት ሚዛን ቢመዘን የሚገባ ነው።

ስለዚህች ቃል በሰው አፍ የሚነገሩ ትርጓሜዎች አሉ። ዐርብ ያለው ዐረፈ ካለው የወጣ ነው፤ እግዚአብሔር ሥራውን ፈጽሞ ሊያርፍ የተቃረበበት ዕለት ነውና ይላሉ። አንድም አርባ ካለው ነው፤ የአርባው ጾም መፈጸሚያ ናትና ይላሉ። አንድም ረባ፣ አረባ ካለው ነው፤ ነጋዴ የሚረባበት ገበያ ነውና ይላሉ። አንድም ዐረብ ካለው ነው፤ የዐረብ ነጋዴዎች ይመጡበት ነበርና ይላሉ። እነዚህ አራቱ ለጆሮ ይጥማሉ፤ ነገር ግን ጣዕም ምስክር አይኾንም።

የመጀመሪያው አይቆምም፤ ስለ ምን ቢሉ፣ ዐረፈ መድረሻው ፈ ነው፣ ዐርብ መድረሻው በ ነው። ከዐረፈ ምዕራፍና ዕረፍት ይወጣሉ፤ ከዐረበ ምዕራብ ይወጣል። ምዕራፍና ምዕራብን አንድ የሚያደርግ የለም። ደግሞም ዕረፍት የቀዳሚት ሰንበት ነው እንጂ የዋዜማዋ አይደለም። ሁለተኛው አይቆምም፤ አርባ ከአርብዓ የወጣ ነው፣ አርብዓም የረቡዕ ወንድም ነው፤ ሥራቸው ረብዐ ሲኾን ዐይን በመጨረሻ ይቆማል። ዐርብ ግን ዐይኑን በመጀመሪያ ይዟል። አርብን ከአርባ ያዛመደ ሳያውቅ ከረቡዕ አዛመደው፤ የስድስተኛውን ዕለት ስም ከአራተኛው ዕለት ስም አወጣ ማለት ነው። ሦስተኛው የአማርኛ ጨዋታ ነው፤ ገበያ በሌለበት በገዳም ስንኳ ዕለቱ ዐርብ ይባላል። አራተኛው ኋላ ይመረመራል፤ በእርሱ ዘንድ የእውነት ጥላ አለና።

የግዕዙ ሥር ዐረበ ነው፤ ገባ፣ ጠለቀ ማለት ነው፤ ለፀሐይ ይነገራል። ምዕራብ ማለትም መግቢያ፣ የፀሐይ መጥለቂያ ማለት ነው። ሊቃውንቶቻችን ስለ ሥነ ፍጥረት ሲያስተምሩ ዐርብ ማለት መካተቻ ማለት ነው፤ የፍጥረት ሥራ ተካትቶበታልና ይላሉ። ይህ ትርጓሜ ከሥሩ አይርቅም፤ የገባ ነገር ተከተተ፣ የተከተተም ተፈጸመ ይባላልና። አማርኛችንም ይህንኑ ይመሰክራል። ጀንበር ስትጠልቅ ፀሐይ ገባች እንላለን፤ ገበያው ተፈትቶ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ደግሞ ገባ እንላለን። ለፀሐይም ለነጋዴም አንድ ቃል ሠራ።

አኹን ወደ ፊደሉ እንመለስ። አማርኛ የጉሮሮውን ዐይን ካጣ ብዙ ዘመን ኾነው፤ አልፉንም ዐይኑንም በአንድ ድምፅ ያነባል። ከዚህ የተነሣ ብዙ ጸሓፊ ፊደል ኹሉ አንድ ነው ብሎ የቀናውን ይጽፋል። ትግርኛ ግን ዐይኑን በጉሮሮው ይዞ ኖሯል፤ ዕለቷንም ዓርቢ ይላታል፤ ያለ ዐይን የሚጠራት የለም። ስለዚህ ስለ አንድ ቃል ፊደል የሚጠራጠር አማራ ጎረቤቱን ትግሬ ቢጠይቅ ብዙ ጊዜ ይረዳል። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት በ1948 ዓ.ም. ታትሞ ሲወጣ አልፉንና ዐይኑን ለየብቻ አቁሞ ቃላቱን በየሥራቸው ደለደለ። ከዚያም አስቀድሞ አባ ጎርጎርዮስ በ1652 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ወደ ጀርመን አገር ሄደው ለሉዶልፍ ግዕዝንና አማርኛን ባስተማሩ ጊዜ፣ ከዚያ ትምህርት የወጣው መዝገበ ቃላት የኢትዮጵያን ፊደላት ከዕብራይስጥ ፊደላት ጋራ እያመሳከረ የሚሄድ ነበር። ማመሳከሩ ምን ይረባል ቢሉ፣ በዕብራይስጥ ዐይኑ ወደ አልፍ ቢለወጥ ምሽት የነበረው ቃል አደባ፣ ሸመቀ ወደሚል ቃል ይለወጣል። አንዲት ፊደል የምሽቱን ዕረፍት የሽፍታ ማድቢያ ታደርገዋለች።

ይህች ቃል በዘመዶቿ ዘንድ እንዴት ትነገራለች ቢሉ፣ በዕብራይስጥ ዔሬብ ማለት ምሽት ነው፤ በኦሪት ዘፍጥረት መጀመሪያ የዕለታቱ ምሽት በዚህ ቃል ተጽፏል። ዔሬብ ሸባት ሲሉ የሰንበት ዋዜማ ማለታቸው ነው። በሱርስት ዕሩብታ ማለት ዋዜማ ነው፤ ብቻውን ሲነገር ዕለተ ዐርብ ነው። በአካድ ቋንቋ፣ ይኸውም በባቢሎንና በነነዌ የሸክላ ጽሕፈት፣ ኤሬቡ ማለት ገባ ማለት ነው፤ ከፀሐይ ስም ጋራ ሲነገርም የፀሐይ መግቢያ፣ ምዕራብ ይኾናል። አካድም እንደ አማርኛ ዐይኑን አጥቶታል፤ ነገር ግን ድምፁ ወደ ኤ ዘንብሎ ስለ ቀረ የጠፋው ፊደል ፍለጋው ይታያል። በሶርያ ባሕር ዳርቻ በኡጋሪት ከ1929 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ጀምሮ በተገኙት ጽላቶችም የፀሐይ መግባት በዚህ ሥር፣ በዐይን ተጽፎ ተገኝቷል።

ዐረብኛ ግን ልዩ ነገር አለው። ዐረብኛ ዐይንና ገይን የሚባሉ ሁለት ፊደላት አሉት፤ ግዕዝና ዕብራይስጥ ግን ሁለቱን በአንድ ዐይን ይጽፋሉ። ዐረብኛ ለፀሐይ መግባትና ለምዕራብ የሚጽፈው በገይን ነው፤ ገርብ፣ መግሪብ ይላል። ዕለተ ዐርብን ግን እስላም ሳይመጣ በፊት ዐሩባ ይላት ነበር፤ ይህንንም በዐይን ይጽፋል። ቃሉ የአገሩ ቢኾን እንደ ምዕራብ ስም በገይን በተጻፈ ነበር፤ በዐይን መጻፉ ከሱርስት ወገን የመጣ እንግዳ መኾኑን ያሳያል። ኋላ ይህ ስም ቀርቶ የመሰብሰቢያ ቀን ሲሉ ጁምዓ አሏት፤ ኦሮምኛም ጅማታ ሲል ይህንኑ ተከትሏል።

ከዚህ አንድ ክርክር ይነሣል። የዐረቡ ቃል ከሱርስት የመጣ ከኾነ የግዕዙስ ዐርብ ከወዴት መጣ? ከምዕራብ ሊቃውንት ወገን፣ ታቦትና ምጽዋት፣ ሃይማኖትና ጣዖት ከአራማይስጥ ወደ ግዕዝ ገቡ የሚሉ፣ ዐርብንም ከእነርሱ ጋራ የሚቈጥሩ አሉ። በአንጻሩ፣ ግዕዝ ዐረበና ምዕራብ የሚሉ የራሱ ቃላት አሉት፣ ከሰው ቤት ምን አስኬደው? የሚል ይነሣል። ሚዛኑ እንዲህ ነው። ሥሩ የግዕዝ መኾኑ አይካድም። ሥር ግን የዕለት ስም አይደለም፤ ምሽት በየቀኑ ይመሻልና፣ ስድስተኛዪቱን ዕለት ለይቶ ምሽት ብሎ ለመጥራት ሰንበትን ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ስሙን ያመጣው ሰንበትን ያመጣ ነው። ቃሉ በባዕድ አፍ ቢመጣም ግዕዝ በራሱ ሥር ተቀበለው፤ እንግዳው ከዘመዱ ቤት አደረ ማለት ነው። እንግድነቱን መናገር የግዕዝን ክብር አይነካም፤ ዘመድነቱን መካድ ግን ሐሰት ይኾናል።

ለዚህ ማስረጃው የዕለታቱ አቈጣጠር ነው። በግዕዝ እሑድ፣ ሰኑይ፣ ሠሉስ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ ብለን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት እንቈጥራለን። ከዚያ በኋላ ሰዱስ ማለት ሲገባ ቍጥሩ ይቆምና ዐርብ እንላለን። ሱርስትም እስከ አምስት ቈጥሮ ዕሩብታ ይላል። ጽርዕም ከሁለት እስከ አምስት ቈጥሮ ስድስተኛዪቱን ፓራስኬዊ፣ ማዘጋጃ ይላታል። የአርመን ሰዎች ከሱርስት ወስደው ኡርባት ይላሉ፤ የጆርጂያ ሰዎች ከጽርዕ ወስደው ፓራስኬቪ ይላሉ። ሮማውያን ግን ሰንበትን ሳያውቁ ዕለታቱን በከዋክብት ሰየሙ፤ ዐርብን ለዝሁራ ሰጧት። ሰንበትን ከኦሪት ከተቀበሉት ሕዝቦች ብዙዎቹ በስድስተኛዪቱ ዕለት ቍጥሩን አቋርጠዋል፤ ሰንበት ስትቀርብ ዕለቲቱ የራሷ ቍጥር ቀርቶባት የሰንበት ዋዜማ፣ የሰንበት ማዘጋጃ ተብላለችና።

አኹን የሚበረታው ነገር ይኸው ነው፤ ይህች ቃል በመጻሕፍት ተርጓሚዎችን ያከራከረችበት ስፍራ አለ። ዕብራይስጥ በጥንት ጊዜ ያለ አናባቢ ምልክት ይጻፍ ስለ ነበረ፣ ዐ ረ በ የሚሉት ሦስቱ ፊደላት ምሽትም፣ ዐረብም፣ ቍራም፣ መያዣም ሊነበቡ ይችላሉ። በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 21 ቍጥር 13፣ በዱር ስለሚያድሩ መንገደኞች በተነገረው፣ የዕብራይስጡ ንባብ በዐረብ ዱር ይላል፤ ሰብዓ ሊቃናት ግን ወደ ጽርዕ ሲመልሱት በዱር በምሽት ብለው አነበቡ። በትንቢተ ዕንባቆም ምዕራፍ 1 ቍጥር 8 እና በትንቢተ ሶፎንያስ ምዕራፍ 3 ቍጥር 3 ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፤ ዕብራይስጡ የምሽት ተኵላ ሲል ጽርዑ የዐረብ ምድር ተኵላ አለ። በአንዱ ስፍራ አገሩን ምሽት አደረጉት፤ በሌላው ስፍራ ምሽቱን አገር አደረጉት። የእኛ የግዕዝ ብሉይ የጽርዑን መንገድ የሚከተል ነውና፣ መምህር በእነዚህ ስፍራዎች ሲያነብ ሁለቱን ንባብ ዐውቆ ማስተማር ይገባዋል። ምሽት ቢል ምሥጢሩ የአዳኝ አውሬ ረኃብ ነው፤ ቀን ሳይበላ የዋለ ተኵላ በምሽት ይበረታልና። ዐረብ ቢል የበረሓው ጭካኔ ነው። ሁለቱም የከላውዴዎንን ፍጥነትና የመኳንንቱን ስስት ይገልጻሉ፤ ለዐውዱ የሚቀርበው ግን ምሽቱ ነው፤ ሶፎንያስ ወዲያው አስከትሎ ስለ ነግህ ይናገራልና። ምሽትን ከነግህ ጋራ ማነጻጸር የነቢዩ አካሄድ ነው።

እንዲሁም በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 17 ኤልያስን የመገቡት ቍራዎች፣ ቃላቸው በዚሁ ፊደል ስለ ተጻፈ፣ ዐረቦች ናቸው የሚሉ ተነሥተዋል፤ ቍራ እንጀራና ሥጋ ያመጣ ዘንድ እንዴት ይችላል ብለው። ሰብዓ ሊቃናትም የእኛም አበው ቍራ ብለው ተቀብለዋል። ተአምራቱ ስለ ከበደ ንባቡን መለወጥ የተርጓሚ ሥራ አይደለም። የኢሳይያስን ንባብ ያከራከረው ፊደሉ ነው፤ የኤልያስን ያከራከረው ግን የአንባቢው ጥርጥር ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ መቍጠር አይገባም።

ስለ ዐረብ ስም፣ በ853 ዓመተ ዓለም፣ ይኸውም ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ የአሦር ንጉሥ ሳልምናሶር ሦስተኛ በቀርቀር ስለ ተዋጋው ውጊያ ባስጻፈው ውስጥ፣ አንድ ሺህ ግመል ይዞ የመጣ ጊንዲቡ የሚባል ዐረብ ተጠቅሷል። የሕዝቡን ስም አንዳንዱ ከምዕራብ ያወጣዋል፤ ከባቢሎን ወደ ምዕራብ ይኖሩ ነበርና፤ አንዳንዱ ከምድረ በዳ ያወጣዋል። ከላይ የእውነት ጥላ አለበት የተባለው ይህ ነው። ዐርብና ዐረብ ፊደላቸው አንድ መኾኑ እውነት ነው፤ የጋይንት ገበያ ግን ስሙን ከዕለቱ እንጂ ከሕዝቡ አልወሰደም። ረቡዕ ገበያ ከማን ነጋዴ ተሰየመ ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ከኹሉ የሚበልጠው በወንጌል ያለው ነው። ጽርዑ የስቅለትን ዕለት ፓራስኬዊ፣ ማዘጋጃ ይላታል፤ ማቴዎስ በምዕራፍ 27፣ ማርቆስ በምዕራፍ 15፣ ሉቃስ በምዕራፍ 23፣ ዮሐንስ በምዕራፍ 19። ሱርስቱ ዕሩብታ ብሎ ተረጐመ፤ ግዕዙ ዐርብ አለ። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን የጽርዑን ፍች ተከትሎ የማዘጋጀት ቀን አለ። ሦስቱም ልክ ናቸው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ አንዳች ያስቀራል። ማዘጋጀት የሚለው ሥራውን ይነግራል፣ ዕለቱን ይደብቃል፤ የገጠር ምእመን ሲሰማው ድግስ ይመስለዋል። ዐርብ የሚለው ዕለቱን ይነግራል፣ ዋዜማነቱን ይደብቃል፤ በየሳምንቱ የሚሰማው ስም ነውና ማንም አይመረምረውም።

ይህ ምን ይጎዳል ቢሉ፣ በዮሐንስ ምዕራፍ 19 ቍጥር 14 ዕለቲቱ የፋሲካ ማዘጋጃ ተብላለች። ዐርብን የዕለት ስም ብቻ ያደረገ፣ በፋሲካ ሰሞን የዋለች ዐርብ ማለት ነው ይላል። ዋዜማ ያለ ግን፣ የፋሲካው በግ የሚታረድባት ዕለት ናት ይላል። ከሦስቱ ወንጌላውያን ጋራ ለማስማማት የሚሹ ፊተኛውን ይመርጣሉ፤ ማርቆስ በምዕራፍ 14 ደቀ መዛሙርቱ ፋሲካውን በምሽቱ እንዳዘጋጁ ይናገራልና። ኋለኛውን የሚመርጡ ደግሞ ከዮሐንስ ምዕራፍ 18 ቍጥር 28 ይጠቅሳሉ፤ አይሁድ ፋሲካውን ይበሉ ዘንድ እንዳይረክሱ ወደ ገዢው ግቢ አልገቡም፤ ስለዚህ ገና አልበሉም ነበር። በዚህ ስፍራ ለፍርድ የሚበቃው ሥርወ ቃል አይደለም። ዐርብ ከምሽት ወጥቷልና ዋዜማ ነው ብሎ የሚፈርድ ይሳሳታል፤ ቃል ከወጣበት ሥር ርቆ በልማድ ሌላ ነገር ሊጠራ ይችላልና። የዮሐንስ ሐሳብ ዋዜማ መኾኑን የሚያስረዳው ራሱ ዮሐንስ ነው፤ የአይሁድን አለመግባት ጽፏል፣ አጥንቱ አለመሰበሩንም ከበጉ ሥርዐት ጋራ አያይዟል። ሥርወ ቃሉ ይህን ያጸናዋል እንጂ አይፈጥረውም።

በዚህ ላይ ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 12 ቍጥር 6 ይታከላል። በጉ የሚታረድበት ሰዓት በዕብራይስጥ ቤን ሃዐርባይም፣ በሁለቱ ምሽቶች መካከል ይባላል፤ ቃሉ የዔሬብ የሁለትነት ስም ነው። ፀሐይ ማዘንበል ስትጀምር አንድ ምሽት፣ ስትገባ ሁለተኛ ምሽት ነው የሚሉ አሉ። ጌታ በዕለተ ዐርብ በስድስት ሰዓት ተሰቀለ፣ በዘጠኝ ሰዓት ቅድስት ነፍሱን ከቅዱስ ሥጋው ለየ፣ በሠርክ ተቀበረ። የበጉ ሰዓትና የዕለቲቱ ስም ከአንድ ሥር መውጣታቸውን ያየ መምህር ምሥጢሩን ቢያመሰጥር ደግ ነው፤ ነገር ግን ምሥጢር ነው ይበል፣ ሰዋስው ነው አይበል። የሰዋስውን ነገር በምሥጢር፣ የምሥጢሩንም በሰዋስው ስም ማስተማር ሁለቱንም ያደክማል።

የዋዜማነቷ ነገር ለትንሣኤ ቍጥርም ይረዳል። ቀን ከምሽት ይጀምራል፤ ቤተ ክርስቲያን በዓልን በዋዜማ የምትጀምር ስለዚህ ነው። ዮሴፍና ኒቆዲሞስ ሥጋውን ፀሐይ ሳትገባ ለመቅበር የቸኰሉ፣ ፀሐይ ከገባች ሰንበት ይገባልና ነው። ስለዚህ የዐርብ ሠርክ አንድ ቀን፣ ቀዳሚት ሁለት ቀን፣ እሑድ ሦስተኛ ቀን ኾኖ ይቈጠራል። ዐርብ ስትገባ ምን እንደምትኾን ያላወቀ ሦስቱን ቀን ለመቍጠር ይቸገራል።

ከዚህች ሥር ፊደል አንድ ሌላ ቃል አለ፤ ዐረቦን። በዘፍጥረት ምዕራፍ 38 ይሁዳ ለትዕማር የሰጠው መያዣ በዕብራይስጥ በዚህ ቃል ተጠርቷል፤ ቃሉ ከነጋዴዎች ጋራ ወደ ጽርዕ ተሻግሮ፣ ሐዋርያው ጳውሎስ መንፈስ ቅዱስ የርስታችን መያዣ ነው ሲል በኤፌሶን ምዕራፍ 1 ተናገረበት። ዛሬም የመድን ድርጅቶች ደንበኛ የሚከፍለውን ገንዘብ አረቦን ይሉታል፤ እነርሱም በአልፉ ይጽፉታል። መያዣና ምሽት ከአንድ ሥር ወጡ ለማለት በቂ ምስክር የለም፤ ፊደል መመሳሰል ዝምድና አይደለምና። በዚህ የሚጸና ሰው የምሽትን ቃል ከቍራ፣ ቍራውን ከዐረብ ሳያምታታ ይኖራል።

ፍርዱ እንዲህ ነው። ዕለቲቱ በዐይኑ ዐርብ ተብላ ትጻፍ፤ ሥሯ ዐረበ፣ ገባ ነው። አበው መካተቻ ያሉት ከሥሩ ጋራ ይስማማል፤ ከዐረፈና ከአርባ የሚያወጡት ይተዉ። በወንጌል ዐርብ በሚነበብበት ስፍራ መምህር የሰንበት ዋዜማ ብሎ ይጨምር፤ ማዘጋጀት በሚነበብበት ስፍራም ዐርብ ናት ብሎ ያስረዳ። የአገሩ ሰው የከተማውን ስም በአልፉ አርብ ገበያ ብሎ መጻፍ ለምዷል፤ የመንግሥት ጽሕፈትም እንዲሁ ነው። ልማዱን በግድ መለወጥ አያስፈልግም፤ ስሙ ከምን እንደ ወጣ ማወቅ ግን ያስፈልጋል። በዚያ ገበያ በጾም ቀን እህሉንና ጨውን የሸጠ ሰው ፀሐይ ስትገባ ወደ ቤቱ ይገባል፤ የዕለቲቱንም ስም ሳያውቅ ይተረጕማታል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር። አሜን።